ቫይረስን የሚቋቋም በርበሬና ቲማቲም ማዳቀል፦ በወሎ ለሚሠሩ አዳቃዮች

በወሎ ቆላና ወይና ደጋ በመስኖ በርበሬና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ በደንብ የሚያውቀው ኪሳራ አለ። ችግኙ ጸድቆ፣ ውኃው በተራው ደርሶ፣ ማዳበሪያው ገብቶ፣ ተክሉ ለአበባ ሲዘጋጅ ቅጠሉ ይዥጎረጎራል፤ ቀንበጡ ይኮማተራል፤ የወጣው አበባም ሳያፈራ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ የሚረጭ ኬሚካል የታመመውን ተክል አያድነውም፤ ቫይረስ አንዴ ወደ ተክሉ ሕዋስ ከገባ የሚያስወጣው የእርሻ መድኃኒት የለምና። አስተላላፊውን ነፍሳት መግደልም ቢሆን ሁልጊዜ አያዋጣም። በርበሬን የሚጎዱት ዋና ዋናዎቹ ቫይረሶች በክሽክሽ የሚተላለፉ ሲሆን፣ ክሽክሹ የታመመውን ቅጠል ለሰከንዶች ወግቶ ሲቀምስ ቫይረሱን ያነሳል፤ በሚቀጥለው ተክል ላይም በዚያው ፍጥነት ያራግፈዋል። መድኃኒቱ ክሽክሹን እስኪገድለው ድረስ ጉዳቱ ተፈጽሟል። የቲማቲምን ቅጠል የሚያቀጭጨው፣ ቢጫ አድርጎም የሚያኮማትረው ቫይረስ ደግሞ በነጭ ዝንብ ይተላለፋል፤ ነጭ ዝንብ ቫይረሱን አንዴ ከያዘች ለሳምንታት ይዛው ትዞራለች፤ መድኃኒቱንም ቶሎ ትለምደዋለች።

ስለዚህ ዘላቂው መከላከያ በዘሩ ውስጥ ያለ የመቋቋም ችሎታ ነው። ይህ ጽሑፍ በምርምር ማዕከላት ሥራ ለጀመሩ አዳቃዮች፣ በመርሳና በደሴ ግብርና ለሚማሩ ወጣቶች፣ ዘር ለሚያባዙ ማኅበራት ባለሙያዎችም የተዘጋጀ ነው። ጀማሪ አዳቃይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው አበባን ከአበባ ስለማገናኘት ነው፤ ያ ግን በአንድ ማለዳ የሚለመድ የእጅ ሥራ ነው። የዚህ ሙያ ልቡ ያለው በፈተናው ላይ ነው፦ አንድ ተክል ጤነኛ ሆኖ የታየው ቫይረሱን ስለተቋቋመ ነው ወይስ ቫይረሱ ሳይደርሰው ስለቀረ? ይህን ጥያቄ በእርግጠኝነት መመለስ ያልቻለ አዳቃይ ስድስት ዓመት ደክሞ በመጨረሻ የሚያወጣው ዝርያ በመጀመሪያው የክሽክሽ ዘመን ይወድቃል።

በሽታው ቫይረስ መሆኑን፣ የትኛው ቫይረስ እንደሆነም ማረጋገጥ

መቋቋም የሚባለው ነገር በጥቅሉ ለ«ቫይረስ» የሚሆን አይደለም። አንድ የመቋቋም ዘረ-መል የሚሠራው ለአንድ ቫይረስ ወይም ለቅርብ ዘመዶቹ ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ለአንዳንዱ ዓይነት ሠርቶ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። በኢትዮጵያ የበርበሬ ማሳዎች ከተገኙት መካከል የድንች ዋይ ቫይረስ፣ የበርበሬ ቬይናል ሞትል ቫይረስ እና በአገራችን ስም የተጠራው የኢትዮጵያ በርበሬ ሞትል ቫይረስ ይገኙበታል። ሦስቱም የአንድ ወገን ናቸው፤ ሦስቱም በክሽክሽ ይተላለፋሉ፤ በቅጠል ላይ የሚያሳዩት ዥጉርጉርነትም በዓይን ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። በዓይን ብቻ ፈርዶ ማዳቀል የጀመረ ሰው ለአንዱ ጠላት የሠራውን ጋሻ ይዞ ሌላውን ሊገጥም ይወጣል።

ከዚያም በፊት የሚነሳ ጥያቄ አለ። የተኮማተረ ቅጠል ሁሉ የቫይረስ ሥራ አይደለም። ማይት የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የሸረሪት ዘመዶች የበርበሬን ቀንበጥ ያጣምማሉ። በወሎ በተለይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ደግሞ ከጤፍና ከማሽላ ማሳ በነፋስ ተገፍቶ የሚመጣውን የቱ-ፎር-ዲ ፀረ-አረም ነው፤ ቲማቲም ለዚህ ኬሚካል እጅግ ስስ በመሆኑ ጥቂት ጤዛ መሰል ብናኝ ሲደርሰው ቅጠሉ እንደ ክር ይጠባል፤ ባለሙያም ሳይቀር ቫይረስ ነው ብሎ ይደመድማል። መለያው ቀላል ነው፦ የፀረ-አረም ጉዳት በነፋሱ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ብዙ ተክል ላይ ይታያል፤ ቫይረስ ግን እዚህም እዚያም በነጠላ ተክል ጀምሮ ከሳምንት ሳምንት ይሰፋል።

በመሆኑም ናሙና ይሰበሰባል። ከአንድ ማሳ የከፋ ምልክት ካለው፣ መካከለኛ ምልክት ካለው፣ ምልክትም ከሌለው ተክል ለየብቻ ወጣት ቅጠል ይቆረጣል፤ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የዝርያው ስም ተጽፎ በወረቀት ይጠቀለላል፤ በበረዶ ሳጥን ይላካል፤ በረዶ ከሌለ ደግሞ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ይደርቃል። ምርመራው የቫይረሱን ፕሮቲን በሚለየው በኤላይዛ ወይም የዘር ቅንጣቱን አባዝቶ በሚያሳየው በፒሲአር ይሠራል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በሰሜን ወሎ ሐብሩ ወረዳ በቅርብ ያለ በመሆኑ የመጀመሪያው አማካሪ እሱ ነው፤ በሰብል ጥበቃ ምርምር ረጅም ልምድ ያለው የአምቦ ማዕከል ደግሞ ለቫይረስ ልየታ ሊጠየቅ ይችላል። አንድ ዓመት በናሙና ማሰባሰብ የጠፋ ጊዜ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የዋለ ዓመት አላውቅም።

የመቋቋም ምንጭን መፈለግ

ምንጭ የሚፈለገው ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው። በመጀመሪያ ገበሬው ለዓመታት እየመረጠ ያቆየው የአካባቢ ዘር፣ ቀጥሎ በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የተቀመጡ ስብስቦች፣ ከዚያም የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው እንደ ማረቆ ፋና ያሉ ዝርያዎች፣ በመጨረሻም ከውጭ የሚመጡ የታወቁ የመቋቋም ምንጮች ይፈተሻሉ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በታይዋን የሆነው የዓለም አትክልት ማዕከል ለነጭ ዝንቡ ቫይረስ የመቋቋም ዘረ-መል ያላቸውን የቲማቲም መስመሮች፣ ማለትም ባሕርያቸው የረጋ የማዳቀያ ዘሮችን፣ ለአዳቃዮች ይሰጣል። ዘር ከውጭ ሲገባ የማስገቢያ ፈቃድና የኳራንቲን ምርመራ ግዴታ ነው፤ ይህን መዝለል ለመከላከል የተነሳንበትን ቫይረስ በገዛ እጃችን ወደ አገር ማስገባት ሊሆን ይችላል።

ስለ ቲማቲም የታወቀው ነገር ብዙ ነው። ቲዋይ-1 እና ቲዋይ-3 የሚባሉት ሶላነም ቺለንስ ከተባለ የደቡብ አሜሪካ የዱር ቲማቲም፣ ቲዋይ-2 ደግሞ ሶላነም ሃብሮካይተስ ከተባለው የመጡ ናቸው። ቲዋይ-1ን የያዘ ተክል ቫይረሱን ፈጽሞ አያባርርም፤ በውስጡ ያለውን የቫይረስ መጠን ዝቅ አድርጎ ይዞ ያፈራል እንጂ። በንክኪ ለሚተላለፈው የቲማቲም ሞዛይክ ቫይረስ ሶላነም ፔሩቪያነም ከተባለው የዱር ዘመድ የተገኘው ቲኤም-2ስኩዌር የተባለው ዘረ-መል ለአሥርት ዓመታት አስተማማኝ ሆኖ ኖሯል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በእስራኤል የታየውና በ2015 በዮርዳኖስ የተገኘው የቲማቲም ቡናማ ሽብሽብ ፍሬ ቫይረስ ግን ሰብሮታል። አዳቃይ ይህን ታሪክ ማስታወስ አለበት፤ ምንም ያህል የጠነከረ አንድ ዘረ-መል ብቻውን ለዘላለም አይቆምም። በሌላ በኩል ዘረ-መሉን ከዱር ዘመዱ በቀጥታ ለማምጣት መሞከር አይመከርም። ከዱሮቹ አንዳንዶቹ ከለማዳው ቲማቲም ጋር ሲዳቀሉ ፅንሱ ስለሚጨነግፍ በቤተ ሙከራ ማሳደግ ይጠይቃል፤ ሌሎች አስቀድመው ወደ ለማዳው ያስገቡትን መስመር መውሰድ ዓመታትን ያተርፋል።

የበርበሬው ነገር ከዚህ ይለያል፤ መረዳቱም ለሥራው ቅደም ተከተል ይጠቅማል። የክሽክሽ ቫይረሶችን ከሚቋቋሙት ዘረ-መሎች ብዙዎቹ ተሸናፊ ናቸው፤ ማለትም ችሎታው የሚታየው ተክሉ ከእናትም ከአባትም ሲወርሰው ብቻ ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ቫይረሱ የራሱን መልእክት ለማስነበብ ተክሉ የራሱን መልእክት የሚያነብበትን አንድ ፕሮቲን ይዋሳል፤ የተቋቋመው ተክል የዚህን ፕሮቲን ቅርጽ ትንሽ ለውጦ ቫይረሱ እንዳይይዘው አድርጎታል። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ እንኳ ያልተለወጠውን ፕሮቲን ካወረሰ ቫይረሱ በዚያ ይጠቀማል፤ ተክሉም ይታመማል። ፒቪአር2 የተባለው ዘረ-መል የዚህ ዓይነት ነው። ይኸው ዘረ-መል ፒቪአር6 ከተባለው ጋር ሲጣመር ደግሞ ለብቻው የማይችለውን ቬይናል ሞትልን ይቋቋማል። ክሪዮሎ ዴ ሞሬሎስ 334 ከተባለው የሜክሲኮ በርበሬ የተገኘው ፒቪአር4 ግን አሸናፊ ነው፤ ከአንድ ወላጅ መውረስ ይበቃዋል። አሸናፊውና ተሸናፊው ለምን እንደሚለዩ ከታች መልሶ ማዳቀል ላይ ስንደርስ ይታያል።

ፈተናው

በማሳ መካከል ሁሉም በቢጫ ሲመታ ብቻዋን የለመለመች አንዲት በርበሬ ስትታይ ዘሯን ለመያዝ የማይቸኩል ሰው የለም። ዘሯን መያዝ ተገቢ ነው፤ ተቋቋሚ ብሎ መመዝገብ ግን አይገባም። ክሽክሽ የማሳውን ሁሉ ተክል አይጎበኝም፤ ከመቶ ተክል አሥሩ በዕድል ብቻ ሊያመልጡ ይችላሉ። ስለዚህ እጩ ተክል ሁሉ በእጅ መለከፍ፣ ማለትም ቫይረሱ ሆን ተብሎ ሊሰጠው ይገባል።

የክሽክሽ ቫይረሶችና የሞዛይክ ወገን የሆኑት በእጅ ይተላለፋሉ። ቀደም ብሎ በመረብ ቤት ውስጥ የሚያሳድጉት የታወቀ ተጋላጭ ተክል ይለከፍና ምልክቱ ሲያይል ከወጣት ቅጠሉ 1 ግራም ተወስዶ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር በሚሆን ቀዝቃዛ የፎስፌት ውሕድ በንጹሕ ሙቀጫ ይፈጫል። የውሕዱ ፒኤች 7 አካባቢ፣ ጥንካሬውም ከ0.01 እስከ 0.05 ሞላር ቢሆን ይበቃል። ጭማቂው በፋሻ ይጠለላል፤ በበረዶ ላይ ይቀመጣል፤ ወዲያውም ይሠራበታል፤ በክፍል ሙቀት ለሰዓታት የቆየ ጭማቂ ኃይሉን ያጣልና። ተፈታኝ ችግኞች ከ2 እስከ 4 እውነተኛ ቅጠል ሲያወጡ ለፈተና ይደርሳሉ፤ ከዚያ በፊት አንድ ቀን በጨለማ ቢያድሩ ቫይረሱን ይበልጥ ይቀበላሉ። በቅጠሉ ላይ ካርቦረንደም የሚባለው ደቃቅ ሻካራ ዱቄት፣ ከ400 እስከ 600 በሚባለው ልክ የተነፋው፣ በስሱ ይነሰነሳል። ከዚያ ቅጠሉ በአንድ እጅ መዳፍ ከታች ተደግፎ፣ በሌላው እጅ በጭማቂ የተነከረ ጣት ወይም ጥጥ ከቅጠሉ ሥር ወደ ጫፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታሻል። ልኩ እዚህ ላይ ነው፦ ከተጫኑት ቅጠሉ ይጠቁርና ይሞታል፤ ከሳሱለት ደግሞ ቫይረሱ የሚገባበት ጭረት አይፈጠርም። በትክክል የታሸ ቅጠል ወዲያው ሲያዩት ትንሽ ይወረዛል፤ በማግስቱ ግን ቁስል የለውም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሌላ ቅጠል ተመርጦ ሥራው ይደገማል፤ በመጀመሪያው ያመለጠው በሁለተኛው ይገኛልና።

በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ዓይነት መመዘኛ ተክሎች ከተፈታኞቹ ጋር ተሰባጥረው ይቀመጣሉ፦ የታወቀ ተጋላጭ ዝርያ፣ የታወቀ ተቋቋሚ፣ ቫይረስ በሌለው ውሕድ ብቻ የታሸ ተክልም። ተጋላጩ ሙሉ በሙሉ ወይም ለሙሉ በቀረበ መጠን ካልታመመ የዚያ ዙር ውጤት ምንም ያህል ቢደከምበት መጣል አለበት። ይህን ሕግ ማላላት የሚያመጣውን ጥፋት ደጋግሜ ስላየሁ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ተጋላጩ ግማሹ ብቻ በታመመበት ፈተና «ተቋቋሚ» የተባለው ሁሉ ግማሹ ያመለጠ ነው።

ምልክት በየሳምንቱ ይመዘገባል። በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት ደግሞ ካልታሹት የላይኛ ቅጠሎች ናሙና ተወስዶ በኤላይዛ ይመረመራል። ምልክት ሳይኖረው ቫይረሱ በብዛት የተገኘበት ተክል ተቋቋሚ ሳይሆን ቻይ ነው። ቻይ ዝርያ ለገበሬው ምርት ይሰጣል፤ ለጎረቤት ማሳ ግን የቫይረስ ጎተራ ይሆናል፤ ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ብቻ ይያዝ። በሞዛይክ ወገን ፈተና ላይ ደግሞ የታሸው ቅጠል ላይ ጥቃቅን የደረቁ ነጥቦች ታይተው ቅጠሉ ቢረግፍና የላይኛው ክፍል ንጹሕ ሆኖ ቢቀር፣ ተክሉ ሕዋሱን ገድሎ ቫይረሱን ባለበት አፍኖታል ማለት ነው፤ ጀማሪ ሰው ነጥቦቹን አይቶ «ታሟል» ብሎ ምርጡን ተክል እንዳይነቅል ይጠንቀቅ።

የነጭ ዝንቡ ቫይረስ በእጅ ማሸት አይተላለፍም ማለት ይቻላል፤ ራሷን ነጭ ዝንብን ማርባት ያስፈልጋል። ንጹሕ ነጭ ዝንቦች ይህ ቫይረስ በማይዘው በደበርጃን ወይም በጥጥ ላይ በመረብ ሳጥን ይረባሉ፤ ከዚያ በታመመ ቲማቲም ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት እንዲቀለቡ ይደረግና ወደ ተፈታኞቹ ይለቀቃሉ፤ በአንድ ችግኝ ከ20 ያላነሱ ቢሆኑ ይመረጣል። ነጭ ዝንብ የወደደችው ተክል ላይ ትከማቻለች፤ ስለዚህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ችግኞቹን በቀስታ እየነቀነቁ ማዳረስ ያስፈልጋል። ከ48 ሰዓት በኋላ በመድኃኒት ይጸዳሉ። የመረቡ ቀዳዳ በገበያ 50 ሜሽ የሚባለው መሆን አለበት፤ የወባ አጎበር ነጭ ዝንብን አይከለክልም።

አበባን ከአበባ ማገናኘት

እናት የሚሆነው ገበሬው የሚወደው፣ ገበያውም የሚፈልገው ዝርያ ነው። በወሎ የበርበሬ ገበያ ገዢ ዛላውን ሰብራ ቀለሙን፣ የዘሩን ብዛትና ማቃጠሉን አይታ ነው ዋጋ የምትቆርጠው፤ ቫይረስ እየተቋቋመ ድልሁ የማይቀላ በርበሬ ማንም አይተክለውም።

ሥራው ማለዳ ይጀመራል። በነገው ቀን የሚፈካ፣ ያበጠና የነጣ፣ ግን ገና ያልተከፈተ እንቡጥ ይመረጣል። በቀጭን ወረንጦ የአበባው ቅጠሎች በቀስታ ይከፈታሉ፤ ውስጥ ያሉት ወደ ሰማያዊ የሚያደሉት የወንዴ ከረጢቶች ገና ብናኝ ያላወጡ መሆናቸው ይረጋገጣል፤ አንድ በአንድም ከሥራቸው ይነቀላሉ። አንዱ እንኳ ተሰንጥቆ ከተገኘ እንቡጡ ይጣላል። በመካከል የሚቀረው አረንጓዴ የሴቴ ዘንግ ጫፉ ሳይነካ ይቆያል። ከዚያ በዚያው ቀን ከፈካው የአባት ተክል አበባ የተወሰደ ብናኝ በጫፉ ላይ ይቀባል፤ እንቡጡም በስስ ጥጥ ወይም በትንሽ ወረቀት ይሸፈናል፤ በክር ላይ የእናትና የአባት ስምና ቀኑ ተጽፎ ይታሰራል። በዚያው ቅርንጫፍ ያሉ ሌሎች አበባዎችና ፍሬዎች ቢነሱ የተዳቀለው የመርገፍ ዕድሉ ይቀንሳል። በቆላ የቀትር ሙቀት ሲያይል አበባ ስለሚረግፍ፣ የማዳቀሉን ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ቀዝቀዝ ያለ የመስኖ ወቅት ማድረግ ይሻላል። ቲማቲምም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፤ ልዩነቱ የወንዴው ከረጢቶች እንደ ቱቦ ተጣብቀው ስለሚገኙ በአንድ ላይ መውጣታቸውና እንቡጡ ገና ወደ ቢጫነት ሲያደላ መያዙ ነው። ከአንዱ አባት ወደ ሌላው ሲታለፍ ወረንጦውና እጅ በአልኮል ይጸዳሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ሱረት የሚወስድ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ወደ መረብ ቤቱ አይግባ፤ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በደረቀ ትምባሆ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይኖራልና። የሞዛይክ ወገን ቫይረሶች በዘር ቅርፊት ላይ ስለሚጣበቁም፣ የተለቀመው ዘር በ10 በመቶ ትራይሶዲየም ፎስፌት ለ20 ደቂቃ ያህል ተነክሮ በብዙ ውኃ ይታጠባል።

መልሶ ማዳቀልና ሒሳቡ

ከመጀመሪያው ድቅል የሚገኘው ተክል ግማሹ የአገር ዘር፣ ግማሹ የባዕድ ነው። ወደ አገሩ ዘር ባሕርይ ለመመለስ በየትውልዱ ከእናት ዝርያው ጋር መልሶ ይዳቀላል። የአገሩ ዘር ድርሻ በአማካይ በመጀመሪያው መልሶ ማዳቀል 75 በመቶ፣ በሁለተኛው 87.5፣ በሦስተኛው 93.75፣ በአራተኛው 96.9 ይደርሳል። ዛላው፣ ቀለሙና ማቃጠሉ ከአገሩ ጋር ይመሳሰል ዘንድ አራት ጊዜ ያህል መመለስ ያስፈልጋል፤ በየትውልዱ ከተፈተኑት መካከል መልኩ የአገሩን የሚመስለው ከተመረጠ ግን ሦስትም ሊበቃ ይችላል።

ዘረ-መሉ አሸናፊ ከሆነ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ከእያንዳንዱ መልሶ ማዳቀል ከሚበቅሉት ችግኞች ግማሾቹ ዘረ-መሉን ይይዛሉ፤ ቫይረሱ ሲሰጣቸው ግማሾቹ ይታመማሉ፣ የቀሩት ለሚቀጥለው ዙር ይሄዳሉ። ቢያንስ አንድ ተሸካሚ ለማግኘት 95 በመቶ እርግጠኛ መሆን የፈለገ 5፣ 99 በመቶ የፈለገ 7 ችግኝ ይበቃዋል፤ መልክ ለመምረጥ ሰፊ ዕድል እንዲኖር ግን ከ40 እስከ 50 ማብቀል የተሻለ ነው። ዘረ-መሉ ተሸናፊ ሲሆን ግን መልሶ ከተዳቀሉት ሁሉ አንዱም አይቋቋምም፤ ሁሉም ይታመማሉ። እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው ሥራውን የተዉ አሉ፤ ሆኖም ዘረ-መሉ በግማሾቹ ውስጥ ተደብቆ አለ። እያንዳንዱ ተክል ሳይለከፍ ራሱን በራሱ እንዲያዳቅል ይደረጋል፤ የልጆቹ ዘር ለየብቻ ተዘርቶ ይፈተናል። ከተሸካሚ ወላጅ ልጆች አንድ አራተኛው ይቋቋማሉ። ከአንድ ቤተሰብ 17 ችግኝ ከተፈተነና አንድም ካልቆመ ወላጁ ተሸካሚ እንዳልሆነ 99 በመቶ መተማመን ይቻላል። የዘረ-መሉን ምልክት በዲኤንኤ መመርመር የሚያስችል ቤተ ሙከራ ያገኘ አዳቃይ ይህን ሁሉ የትውልድ መዘግየት ያስቀራል፤ ካልተገኘ ግን በትዕግሥት የሚሠራ ነው።

በየደረጃው የተገኘው ቁጥር ከሚጠበቀው ጋር ይነጻጸር። ለምሳሌ አንድ አሸናፊ ዘረ-መል ካለው ድቅል ሁለተኛ ትውልድ 80 ችግኝ ተፈትኖ 54 ቢቆሙና 26 ቢታመሙ፣ የሚጠበቀው 60 ለ20 ነበር። የተገኘው ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካው የካይ ስኩዌር ስሌት 2.4 ይመጣል፤ ከ3.84 ስለሚያንስ አንድ ዘረ-መል ነው የሚለው ግምት ይጸናል። 70 ቆመው 10 ቢታመሙ ግን ስሌቱ 6.67 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ወይ ዘረ-መሉ አንድ ብቻ አይደለም፣ ወይ ደግሞ ያመለጡ አሉ፤ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማምለጥን ነው።

ሙቀቱን አለመርሳት

አንዳንድ የመቋቋም ዘረ-መሎች ሙቀት ሲጨምር ይከዳሉ። በትምባሆ የሚታወቀው ኤን የተባለው ዘረ-መል ከ28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሥራውን ያቆማል፤ ትሪፕስ በተባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ለሚተላለፈው ስፖትድ ዊልት ቫይረስ የሚውለው የበርበሬው ቲኤስደብሊው ደግሞ 32 ዲግሪ አካባቢ ይሰበራል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ፣ ቆቦ ደግሞ ከ1,500 ሜትር ብዙም ሳትርቅ ትገኛለች። በደሴ ቅዝቃዜ ተፈትኖ ያለፈ ተክል በቆቦ የግንቦት ሐሩር ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው የመረብ ቤት ፈተና ከፊሉ በሞቃት ቦታ ይሠራ፤ ሌሊትና ቀን የሚደርሰው ሙቀትም በቴርሞሜትር ይመዝገብ።

ወደ ማሳና ወደ ገበሬ

የቀሩት መስመሮች ወደ ማሳ ሲወጡ ቢያንስ በሦስት ዓይነት ቦታ ይተከላሉ፦ በቆቦ ቆላ፣ በሐርቡና በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ እንዲሁም እንደ ሐይቅ ባለ ወይና ደጋ። በየጥቂት መደቡ መካከል የተጋላጭ ዝርያ ረድፍ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቀድሞ ይተከላል፤ በሽታውን የሚያከማችና ለተፈታኞች የሚያዳርስ እሱ ነው። በዳር የበቀሉ ጥቁር አውጥና አጤ ፋሪስ ለቫይረስ መጠለያ ስለሚሆኑ በሙከራው ዙሪያ ያሉት ተመዝግበው ይያዙ፤ በገበሬ ማሳ ግን ይነቀሉ። ገበሬዎች፣ በተለይም በርበሬ የሚደልዙና ለገበያ የሚያቀርቡ ሴቶች፣ መስመሮቹ ገና ተክል ሳሉም፣ ደርቀው ከተፈጩ በኋላም ይጠሩ፤ የእነሱ ፍርድ ከኤላይዛው ንባብ እኩል ክብደት ይሰጠው። ከዚህ በኋላ ዝርያው በስሙ እንዲሠራጭ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን በኩል ያለውን የዝርያ ማጽደቂያ ሒደት ማለፍ አለበት።

ዝርያው ከጸደቀ በኋላ መበላሸት የሚጀምረው በዘር ብዜት ነው። በርበሬ ከቲማቲም በተለየ ከጎረቤት ማሳ ብናኝን በቀላሉ ይቀበላል፤ ንብ ታመጣለታለች። ተሸናፊ ዘረ-መል ያለው በርበሬ ከተጋላጭ ጎረቤት አንዴ ብናኝ ከተቀበለ የሚቀጥለው ትውልድ ልጅ ተጋላጭ ይሆናል። ስለዚህ የመሥራች ዘር በመረብ ውስጥ፣ የሚባዛው ደግሞ ከሌላ የበርበሬ ማሳ ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቆ ይዘራ። ዘር አባዢ ማኅበራት ከየብዜቱ ጥቂት ዘር አብቅለው በቫይረስ ፈትነው ብቻ ለገበሬ ያድሉ።

ከተቻለ ሁለት በተለያየ መንገድ የሚሠሩ ዘረ-መሎች፣ ለምሳሌ ፒቪአር2 እና ፒቪአር4፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ ይጣመሩ፤ ቫይረሱ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመስበር ሁለት ለውጥ ይጠበቅበታል። ይህም ሆኖ ዝርያው በተተከለበት ሁሉ በየዓመቱ ይጎበኝ። ተቋቋሚ በተባለው ዝርያ ላይ ዥጉርጉር ቅጠል የታየ እንደሆነ መጀመሪያ ዘሩ ያልተቀላቀለ መሆኑ ይጣራ፤ ቀጥሎ ቅጠሉ በሲሊካ ጄል ደርቆ ይቀመጥና በመረብ ቤት ለተጋላጩም ለተቋቋሚውም ይታሽ። ሁለቱም ከታመሙ በወሎ አዲስ ዓይነት ቫይረስ ተነስቷል፤ ያን ናሙና ይዞ የምንጭ ፍለጋው እንደገና ይጀመራል።